የጠቆረ ሰንጢ ተበላሸ ማለት አይደለም

ወንድማችን ከኮምቦልቻ ያቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ዘመድ ከውጭ ያመጣለት ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጠቆረበት፤ ሎሚ ሲቆርጥበት ሰማያዊ ነጠብጣብ አወጣ፤ በሳሙና ውሃ ዘፍዝፎ ካጠበው ወዲህ ደግሞ አልከፈት አለው። ከአባቱ የወረሰው ባለ ቀንድ እጀታ ሰንጢም አለው፤ የእሱ ብረት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። «ለቁርጥ የሚሆነኝ የትኛው ነው? አዲሱ ተበላሽቷልና ልጣለው?» ይላል።

እባክህ እንዳትጥለው። ምንም አልሆነም። ለቁርጥ ከሁለቱ የምመርጥልህም እሱን ነው።

ሰንጢ ኪሴ ውስጥ የገባው ከባድ መኪና መንዳት ስጀምር ነው። ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻና በባቲ አልፎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድ 17 ዓመት ተመላልሼበታለሁ። መንገደኛ የሚበላው ያገኘውን ነው፤ ብርቱካን፣ ሐብሐብ፣ ከቤት የተቋጠረ ድፎ ዳቦ፣ ቋንጣ፣ ከቀናም ትኩስ የፍየል ሥጋ። እንጀራ በእጅ ይቆረሳል፤ ለእነዚህ ግን ስለት ያስፈልጋል። ኦፒኔል የሚባለውን የፈረንሳይ ሰንጢ መጀመሪያ የገዛሁት ጅቡቲ ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ነው፤ የፈረንሳይ ዕቃ እዚያ አይጠፋም። አንተም ብረቱ ላይ ዘውድ የደፋ እጅ ተቀርጾበታል፣ አንገቱ ላይ የሚዞር ቀለበት አለው ካልክ ያው እሱ ነው።

ኦፒኔል የባላገር ሰንጢ ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 በፈረንሳይ ተራራማ አገር በሳቮዋ መሥራት ጀመረው። ዘውድ የደፋው እጅ ምልክቱ የሆነው በ1909፣ ብረቱ እጅ ላይ እንዳይታጠፍ የሚቆልፈው ቀለበት የተጨመረው በ1955 ነው። መጠኑ በቁጥር ይለያል፤ 8 ቁጥር የሚባለው የብረቱ ርዝመት 8.5 ሳንቲሜትር ነው። ለእኛ ማዕድ ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግም። 10 ቁጥሩን ይዤ አይቼዋለሁ፤ ለኪስ ይረዝማል፣ ሰው መሃል ሲከፈትም ያስደነግጣል።

ወደ ጥቁረቱ ልምጣ። ይህ ሰንጢ በሁለት ዓይነት ብረት ይሠራል፤ ብረቱ ላይ በላቲን ፊደል «ካርቦን» ወይም «ኢኖክስ» ተብሎ ተጽፎ ታገኛለህ። ኢኖክስ የማይዝገው ነው፤ ክሮሚየም ስላለበት ሎሚም ቲማቲምም አያጠቁረውም። የአንተ እንደ ነገርከን ከሆነ ካርቦን ነው። ካርቦኑ የሎሚ አሲድ፣ ሰናፍጭ ወይም የሥጋ ደም በነካው ቁጥር ላዩ ቀለም ይለውጣል። ይህ ቀለም ብረቱን የሚሸፍን ስስ ቆዳ ነው፤ አንዴ በደንብ ከያዘ በኋላ ቀዩ ዝገት ቶሎ እንዳይገባ ያግዛል። መፍራት ያለብህ ቀዩን ነው። በጣትህ ስታሸው ብርቱካናማ ዱቄት ከያዝክ ዝገት ነውና ደቃቅ አመድ በዘይት ለውሰህ በጨርቅ እሸው፤ ይለቅቃል። ግራጫ፣ ጥቁርና ሰማያዊውን ግን ተወው። የእኔ ሰንጢ ዛሬ የሐምሌ ሰማይ መስሏል፤ ጫፉ አካባቢ ብቻ ከሥጋ የመጣ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሰማያዊ አለው፤ ያንን ቀለም ሳይ ደስ ይለኛል።

አልከፈት ያለህ እጀታው ስላበጠ ነው። እንጨት ነውና ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይወፍራል፤ ሲወፍር ብረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። እኔ ይህን በመንገዴ ላይ አይ ነበር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በየበሩ ሲገባ ሰንጢዬን ለመክፈት ጥፍሬ እስኪያመኝ እታገል ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ኮምቦልቻንና ባቲን አልፌ ሚሌ በረሃ ሁለት ሌሊት ካደርኩ በኋላ ያው ሰንጢ እንደ ልብ ይከፈታል። ስለዚህ የአንተንም ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ሦስት አራት ቀን አስቀምጠው። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ እንዳታደርገው፤ እጀታው ይሰነጠቃል። ከዚያ ቀለበቱ አለመቆለፉን አይተህ የእጀታውን የኋላ ጫፍ ጠንካራ እንጨት ላይ ጠበቅ አድርገህ ምታው፤ ብረቱ ብቅ ይልልሃል። የሳቮዋ ሰዎችም የሚከፍቱት እንዲህ ነው። ሁለተኛ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፈው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ በደረቅ ድገመው፣ በቃ። ማጠፊያው ላይ በወር አንድ ጊዜ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። የምግብ ዘይት ውሎ ሲያድር እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ቅቤ ደግሞ ይሸታል።

ለቁርጥ ካርቦኑን የምመርጠው ቶሎ ስለሚሳልና ስስ ስለሆነ ነው። ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ ደሴ ገና ዝናብ ላይ ናት፤ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ጃኬት እንደ ለበስን እንቀመጣለን፤ ሥጋው ከመስቀያው ወርዶ ሳህን ላይ ሲቀርብ የሰንጢው ልክ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሻኛ ላይ ሞክረው። ሻኛ ስብ የበዛበት ነውና ያልተሳለ ቢላ ይጨፈልቀዋል፤ ስቡ ከቢላው ጋር ይሄዳል፣ ቀዩ ይቀራል፣ የምትጎርሰው ተቦጫጭቆ ይደርስሃል። የተሳለ ሰንጢ ግን ሳትጫነው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ጉርሻው አራት ጎኑ ለስላሳ ሆኖ፣ ነጩና ቀዩ ሳይለያዩ አዋዜው ላይ ያርፋል። ጣዕሙም የተለየ ነው፤ ይህን የምለው ሁለቱንም በአንድ ማዕድ ላይ ደጋግሜ ቀምሼ ነው። ዳቢት ከዚያ ይቀላል፤ ማንኛውም ቢላ ይቆርጠዋል። ጎድን ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ ስስ ስለት አጥንት ሲነካ ይታጠፋል። አጥንቱን ለሥጋ ቤቱ ቢላ ተውለት። ከሳህን ላይም አትቁረጥ፤ መክተፊያ ጠይቅ፤ ሸክላና ብረት ስለት ይገድላሉ። ሥጋው የቄራ ማኅተም ያለው መሆኑን ማየትም አትርሳ፤ ኮሶ የሚመጣው ካልተመረመረ ሥጋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የጠየቅኸው ባይሆንም ወሎ ውስጥ ያስፈልጋል። ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው። ቡናውም ሐዘኑም ደስታውም የጋራችን ነው፤ ሥጋው ግን ባራኪው የየራሳችን ነው። ስለዚህ ወደ እነሱ ቤት ስሄድ የሥጋ ሰንጢዬን አልይዝም። ዳቦና ፍራፍሬ ብቻ የምቆርጥባት 6 ቁጥር አለችኝ፤ ሥጋ ነክታ አታውቅም፤ የምትሄደው እሷ ናት። በዒድ ቀን ድፎውን ቁረስ ሲሉኝ ከኪሴ አወጣታለሁ፣ የሚሳቀቅም የሚጠይቅም የለም። በጾም ወራትም ለአቮካዶና ለብርቱካን የምታገለግለኝ እሷው ናት።

አሳሳሉን በሚገባ ልንገርህ፤ ብዙ ሰንጢ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ መኪናዬ ጋራዥ በገባበት ቀን ሰንጢዬን በሞተር በሚሽከረከር ድንጋይ አስሳልኩት። ብልጭታው ደስ ይል ነበር፤ ሲሰጡኝ ግን ጠርዙ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። ያ ከሎሚ የሚመጣው ሰማያዊ አይደለም፤ ብረቱ ተቃጥሎ ጥንካሬውን ሲያጣ የሚታይ ነው። ከዚያ በኋላ ስለት ሊይዝ አልቻለም፤ የተቃጠለውን ጠርዝ በእጄ ፍቄ እስካወጣው አራት ምሽት ፈጀብኝ፤ ብረቱም ቀጠነ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ በእጅህ ሳለው። ደቃቅ የመሳያ ድንጋይ በውሃ አርጥብ፤ ብረቱን አስተኝተህ ጀርባውን የአንድ እርሳስ ውፍረት ያህል አንሳ፤ ያ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ከማጠፊያው ጀምረህ እስከ ጫፉ፣ ድንጋዩን ስስ አድርገህ የምትልጥ መስለህ ግፋው። በሌላኛው ጎን ጥፍርህን ስታሳልፍ የሚይዝ ቀጭን ጠርዝ እስኪሰማህ በአንዱ ጎን ብቻ ሥራ፤ ከዚያ ገልብጥና በሌላው። ሁለቱም ጎን ሲያልቅ ከረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ አንስተህ ገልብጠው። መቀመጫው ላይ ቀለም ያልተቀባ ሻካራ ክብ አለ፤ እሱ ላይ በየጎኑ አምስት አምስት ጊዜ ሳትጫን አሳልፈው። ድምፁ መጀመሪያ ይፋጫል፣ ከዚያ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ሲቀጥን አቁም። በመጨረሻ በቆዳ ቀበቶ ላይ ጀርባውን አስቀድመህ ጎትተው። ጋዜጣ አንጠልጥለህ ብትሞክር ሳይንሻፈፍ ይቆርጣል።

የአባትህ ሰንጢ ሌላ ዓይነት ነው። እንደ ገለጽከው ቀለበትም መቀርቀሪያም የለውም፤ ብረቱን የሚይዘው በጀርባው ያለው ሞላ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰንጢ በጫፉ ከተጫንከው ተመልሶ ጣትህ ላይ ይታጠፋል። አባቶቻችን ሥጋውን በጥርስ ይዘው ከታች ወደ ላይ ይቆርጡ የነበረው በካራ ነው፤ በዚህ እንዳትሞክረው። መወዛወዙ የማጠፊያው ሚስማር ስለላላ ነው። ወደ ቀጥቃጭ አትውሰደው፤ የእነሱ መዶሻ ለማረሻ ነው። ወርቅ ሠሪ ዘንድ ውሰድና ሚስማሩን በትንሽ መዶሻ፣ በየምቱ መሃል እየከፈተና እየዘጋ እንዲያጠብቀው ለምነው። አስወልውልልኝ አትበለው፤ የአባትህ እጅ ያሳረፈበት ጥቁረት አብሮ ይሄዳል። ቀንዱን ስስ ዘይት ቀባው፤ ከሱፍ ልብስ ጋር አታስቀምጠው፤ ብል ቀንድም ይበላል።

ከወርቅ ሠሪው ስትመለስ አንድ ነገር አይተህ ጻፍልኝ። ብረቱን ቀስ ብለህ ስትከፍተው ግማሽ ላይ ቀጭ ብሎ ቆም ይላል ወይስ በአንዴ ይከፈታል? ቆም የሚል ከሆነ ሲዘጋም እዚያው ቆም ብሎ ጣትህን ይጠብቅልሃል፤ ካልሆነ ግን ስትዘጋው ጣቶችህን ከስለቱ መንገድ አውጥተህ በመዳፍህ ግፋው።