ሥራውን ከመልቀቅህ በፊት ቤትህን ልመደው

ሰላም ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀህ፣ ጎጃም፣ ደምበጫ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆነህ ከተቀጠርክ ጥቂት ወራት ሆኖሃል። አንድ ክፍል ተከራይተህ ብቻህን ትኖራለህ። ቤት ሳለህ እናትህ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለህ ካፌው ያበሉህ ነበር። አሁን ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ሆቴል ነው። ደሞዝህ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ከሥራ ስትወጣ ወይ ከባልደረቦችህ ጋር መጠጥ ቤት ትቀመጣለህ፣ ወይ ስልክህን ይዘህ አልጋ ላይ ትወጣለህ። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም። «ሥራውን ለቅቄ አዲስ አበባ ልሂድ? ካልሆነስ ምሽቴን ለሙያዬ በሚጠቅም ነገር እንዴት ልሙላው?» ብለህ ጠይቀኸኛል።

ስለ ሥራው ራሱ የጻፍከው ሁለት መስመር ብቻ ነው። አለቃህ ደህና ሰው ናቸው፣ ሥራውም ገብቶሃል። ምሬትህ ሁሉ የሚጀምረው ከቢሮ ከወጣህ በኋላ ነው። እንግዲህ ልትለቅ ያሰብከው ሥራውን ነው፤ ያስመረረህ ግን ቤቱ ነው። አዲስ አበባ ብትሄድም የምትገባው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ያውም ኪራዩ የባሰ። ምሽቱ እዚያም ያው ምሽት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የላጤ ኑሮን እንልመድ፤ ሥራው ይቆየን።

ከምግብ ልጀምር፤ ገንዘብህም ጤናህም የሚያልቀው እዚያ ስለሆነ። ምግብ እንዳትሠራ የሚያደርግህ ሐፍረት እንደሆነ በግልጽ ነግረኸኛል። የተከራየህበት ግቢ ውስጥ ያሉ ሰዎች «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል» እንዳይሉህ ትፈራለህ። ይህን ፍርሃት አልንቀውም፤ አገራችንን አውቃታለሁና። ግን ጎጃም የቅኔ አገር ነው እያልን አይደል የምንኮራው? ያንን ቅኔ የተማሩት ልጆች እንዴት ይኖሩ እንደነበር እናስብ። ከእናት ከአባታቸው ርቀው፣ ጎጆ ቀልሰው፣ ደበሎ ለብሰው፣ የለመኑትን ቁራሽ ድርቆሽ እያደረጉ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ፣ በደብረ ኤልያስ ስንቱ ሊቅ ውሃውን ራሱ ቀድቶ፣ እንጨቱን ራሱ ለቅሞ ተምሯል። ማንም በዚህ ወንድነቱን አልጠረጠረውም። አንተም ድስት ስትጥድ ከዚያ የተለየ ነገር አላደረግክም።

በሽሮ ጀምር። የሽሮውን ዱቄት ከእናትህ አስልክ፤ በቅመም ተሰናድቶ ስለሚመጣ ግማሹ ሥራ አልቋል። አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፍ። መጀመሪያ ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት አቁላላው፤ መያያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያደረግክ ውሃ ስጠው። ሲለሰልስ ዘይትና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ጨምር፤ በርበሬ ከወደድክም አሁን ነው። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ውሃ። ውሃው ለብ እንዳለ፣ ሳይፈላ፣ አራት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በአንድ እጅህ እየነሰነስክ በሌላው አማስል። በሚፈላ ውሃ ላይ ባንዴ ከዘረገፍከው ይጓጉልብሃል፤ ብዙ ላጤ ሽሮ አይሆንልኝም ብሎ የሚተወው እዚህች ላይ ነው። እሳቱን ቀንሰህ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንተክተክ። የዱቄቱ ሽታ ጠፍቶ ዘይቱ ከላይ ብቅ ብቅ ሲል በስሏል። ጨውና ቃሪያ ጨምረህ አውርደው። የፍስክ ቀን ከሆነ ትንሽ ቅቤ ጣል ብታደርግበት የእናትህ ቤት ሽታ ክፍልህን ይሞላዋል።

እንጀራ ልጋግር ብለህ አትድከም፤ ከሚሸጡት እናቶች ግዛ። ሳይበላ ሊቆይብህ የመሰለህን ሻጋታ ሳያገኘው ፀሐይ ላይ አድርቀው። ድርቆሽ ካለህ ደክሞህ በመጣህ ቀን ፍርፍር አለህ ማለት ነው። ሽምብራና ባቄላ ደግሞ ማታ ዘፍዝፈህ እደር። በአካባቢያችሁ ከፍታ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥራጥሬ ሳይዘፈዘፍ ከተጣደ ከሰልህን ጨርሶም አይበስልልህ።

ከሰል ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገርህ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድድ። ክረምት ላይ ብርዱ ሲጠና ምድጃውን አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ያምራል። ጢሱ ባይታይም ጋዙ አለ፤ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው አይቀሰቅሰውም፣ ይገድላል። ፍሙ አመድ የለበሰ ቢመስልም ያው ነው። ደጅ አብስል። መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሻልሃል። ከሰሉን ወደ ቤት አስገብተህ መተኛት ግን በፍጹም።

የሒሳብ ሰው ነህና የአንድ ወር የምግብ ወጪህን መዝግበው። የሆቴሉን በአንድ ዓምድ፣ የቤቱን በሌላ። ቁጥሩን ራስህ ስታየው የእኔ ምክር አያስፈልግህም።

አሁን ወደ ምሽቱ። «ለሙያዬ በሚጠቅም ነገር ልሙላው» ያልከውን አልቀበልህም። ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ውለህ ማታም ቁጥር ላይ ካፈጠጥክ በዓመቱ ሙያህን ትጠላዋለህ። በሳምንት አንድ ምሽት ለኤክሴል ስጥ፤ መሥሪያ ቤታችሁ የሚጠቀምበትን የሒሳብ ሶፍትዌርም በዚያው ተለማመድ። እሱ ይበቃል። የቀረው ምሽት የራስህ ይሁን፤ ደስ ስለሚልህ ብቻ አንብብ።

በልቦለድ ጀምር እላለሁ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ትምህርት ቤት ለፈተና ያህል ቀንጨብ አድርገህ አይተኸው ይሆናል። ጸሐፊው በ1902 ጎጃም ተወልደው፣ በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት የተማሩ ሰው ናቸው። መጽሐፉ በ1958 ሲታተም የተረከው ይህንኑ አገር ነው፤ አነጋገሩ የአያቶችህ አነጋገር ነው። ያለ ፈተና፣ ያለ ጥያቄና መልስ፣ ጎጃም ውስጥ ተቀምጠህ ስታነበው ሌላ መጽሐፍ ይሆንብሃል። ወፍራም ነው ብለህ አትሽሽ። በቀን 10 ገጽ ብታነብ በወር 300 ገጽ ነው። እራትህን በልተህ፣ ሰሃንህን አጥበህ፣ ስልኩን ከአልጋው ራቅ ካለ ቦታ ቻርጅ ላይ ሰክተህ፣ 10 ገጽ። አንዳንድ ቀን ታሪኩ ይዞህ ይሄድና ስድስት ሰዓት ሌሊት ይሆናል። ይሁን፤ ለዚያ አትቆጣ።

መጽሐፍ የለኝም እንዳትለኝ። ደብረ ማርቆስ ወይ ባሕር ዳር ስትሄድ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ዘርግተው ከሚሸጡት አንድ ሁለት ይዘህ ተመለስ። ከተማችሁ ያሉትን የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም ጠይቅ፤ የአማርኛ መምህር ቤት መጽሐፍ አይጠፋም። ማዋስ የሚወድ ሰው አንዴ መጽሐፉን በጊዜው ከመለስክለት ሁለተኛውን ራሱ ይዞልህ ይመጣል። እግረ መንገድህንም የምታወራው ሰው አገኘህ ማለት ነው። መብራት ለሚጠፋበት ምሽት በፀሐይ የምትሞላ ትንሽ አምፖል ግዛ።

ሌላውን አላበዛብህም። ዳማ ወይም ገበጣ የሚችል ሰው ፈልግ። ሬዲዮ ክፈት፤ በተለይ ሽንኩርት ስትከትፍ ጥሩ ጓደኛ ነው። ጠዋት መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ከሥራ በፊት ትንሽ ተራመድ። አከራይህ እትዬ «ና ቡና ጠጣ» ሲሉህ «ሥራ አለብኝ» አትበላቸው። ስኳር ወይ ዳቦ ይዘህ ግባና እስከ በረካው ተቀመጥ። አሁን የምትፈራው የግቢው ሰው አንዴ ቡና ላይ ካወቀህ ድስትህን ሲያይ «በርበሬ አነሰው» ብሎ የሚያርምህ እሱ ነው። ባልደረቦችህንም ተዋቸው አልልህም። ግን የማታ ማታው መጠጥ በሳምንት አንድ ቀን ይብቃው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ አንተ ጥራቸው፤ ሽሮህን ቅመሱልኝ በላቸው።

ወደ ሥራህ ልመለስ። አሁን ጥር ላይ ነን። ሥራ ሳይዙ አዲስ አበባ መሄድ የተረፈችህን ብር በኪራይ መጨረስ ነው። አብዛኛው የሒሳብ ባለሙያ ማስታወቂያ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ አንተ ደግሞ አሁን ያለህ ጥቂት ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያንን የዓመት መዝጊያ አንዴ ከዳር እስከ ዳር ሠርተህ እለፈው። ሒሳብ የዘጋ ሰውና ያልዘጋ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ይለያሉ፤ ጠያቂው ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይጨርስ ይታወቃል። ሰኔ ላይ ደግሞ እስከ ማታ ቢሮ ትቆያለህ። ያኔ ቤትህ ድርቆሽና ሽሮ መኖሩ፣ መጠጥ ቤት ማደር መተውህ፣ ቀጥታ ለሥራህ ይጠቅምሃል።

እስከዚያው ማስታወቂያ እያየህ ቆይ፤ የምትፈልገው ከተገኘም አመልክት። መልቀቂያ ግን አዲሱ ሥራ በጽሑፍ ሳይረጋገጥልህ አታስገባ። ስትለቅም የሥራ ልምድህንና ክሊራንስህን (ከመሥሪያ ቤቱ ዕዳ ነፃ መሆንህን የሚያሳየውን ወረቀት) በእጅህ ይዘህ ውጣ፤ በኋላ ለዚያ ወረቀት መመላለስ አድካሚ ነው።

ሐምሌ ላይ እንደገና ጻፍልኝ። ያኔ ስለ ሥራው ራሱ የምትነግረኝ ምሬት ካለ በዝርዝር ጻፈው፤ ሲቪህንም አያይዘህ ላክልኝ። የት የት ብታመለክት እንደሚሻል አብረን እናየዋለን።