ሼር የተደረገ ፕሪንተር፦ 80070035፣ 1326 እና 709 ምን እያሉ ነው?

ሰላም። ጥያቄው ለሌሎችም ግልጽ እንዲሆን ባጭሩ ልድገመው። ፕሪንተሩ በዩኤስቢ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ሼር ተደርጓል። ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች አንዱ 80070035 ይላል፣ ሁለተኛው ትክክለኛ ፓስወርድ እየተሰጠው 1326 ይላል፣ ሦስተኛው 709 ይላል። ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ደጋግሞ መጫንም አልረዳም። (ከኮዶቹ ፊት ያለውን ዜሮና ኤክስ ትቼዋለሁ።)

ድራይቨሩን ለጊዜው ይተዉት። ሦስቱ ማሽኖች የቆሙት ሦስት የተለያየ ቦታ ላይ ነው፦ አንደኛው መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ሁለተኛው ከበር ተመልሷል፣ ሦስተኛው ቤት ገብቶ ፕሪንተሩ ጋ ሲደርስ ተጣልቷል። ሁለቱ ድራይቨር የሚጠየቅበት ደረጃ ላይ ገና አልደረሱም።

ኮዱን ራስዎ መፍታት ይችላሉ። በ8007 የሚጀምር ኮድ ቁም ነገሩ መጨረሻው ላይ ነው። 35 በአስራ ስድስት ቤት የተጻፈ ስለሆነ 3 ጊዜ 16 ሲደመር 5፣ ማለትም 53 ይሆናል። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ኔት፣ ክፍተት፣ ሄልፕ እና ኤም-ኤስ-ጂ ሳይነጣጠሉ፣ ክፍተት፣ 53 ብለው ይጻፉ፤ ዊንዶውስ ትርጉሙን ያወጣዋል። በዚሁ መንገድ 709 ሲፈታ 1801 ነው። 1326 ግን እንዳለ ይጻፋል፣ መቀየር አያስፈልገውም።

53 ማለት የኔትወርክ መንገዱ አልተገኘም ማለት ነው፤ ፓስወርድ እዚህ ውስጥ የለበትም። ፕሪንተሩ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አይፒኮንፊግ ብለው አድራሻውን ይዩ። በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ገመዱን ወይም ዋይፋዩን ይመልከቱ። አንዱ 192.168.1 ላይ፣ ሌላው 192.168.0 ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንደኛው በእንግዳ ዋይፋይ ወይም በሌላ ራውተር ገብቷል። አድራሻው ደህና ከሆነ ፕሪንተሩ ያለበት ማሽን ኔትወርኩን "ፐብሊክ" ብሎ መዝግቦት እንደሆነ ይፈትሹ፤ ወደ "ፕራይቬት" ይቀይሩና ፋይልና ፕሪንተር ሼሪንግን ያብሩ። ፒንግ (ሌላው ማሽን ይመልስ እንደሆነ የሚሞክር ትእዛዝ) ስላልመለሰ ብቻ ተስፋ አይቁረጡ፣ ፋየርዎሉ ፒንግን ብቻ ዘግቶ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው ፖርት (ግንኙነቱ የሚያልፍበት ቁጥር ያለው በር) 445 ነው።

በስሙ እምቢ ብሎ በአይፒው ከተከፈተ ችግሩ ስም ፍለጋው ላይ ነው። በአይፒ መገናኘት ይበቃል፤ ግን ራውተሩ ላይ ያንን አድራሻ ለማሽኑ ያስይዙለት። ካልሆነ አንድ ቀን አድራሻው ይቀየርና 53 ይመለሳል።

ብዙ ሰው የሚታሰረው 1326 ላይ ነው፤ የተጠቃሚ ስሙ ወይም ፓስወርዱ ትክክል አይደለም ማለት ነው። "ፓስወርዱ ትክክል ነው" ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ትክክል የሆነው ፒኑ ነው። ፒን የሚሠራው የተፈጠረበት ማሽን ላይ ብቻ ነው፣ በኔትወርክ አያልፍም። ሁለተኛው ምክንያት ስሙ ነው፦ የተጠቃሚ ስሙን ብቻ ከሰጡት ዊንዶውስ የራሱን ኮምፒውተር ስም ሊያስቀድምበት ይችላል። ስለዚህ ፕሪንተሩ ያለበትን ኮምፒውተር ስም፣ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስላሽ፣ ከዚያ የተጠቃሚውን ስም ይጻፉ። ሦስተኛው፣ ክሬደንሻል ማናጀር (ዊንዶውስ ፓስወርዶችን የሚያስቀምጥበት) ውስጥ የቆየ ፓስወርድ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ከዊንዶውስ ክሬደንሻልስ ስር ያጥፉት።

በማይክሮሶፍት አካውንት ከመታገል ይልቅ ፕሪንተሩ ያለበት ማሽን ላይ ለሕትመት ብቻ የሚሆን አንድ ሎካል አካውንት ይፍጠሩ፦ ስታንዳርድ፣ አድሚን ያልሆነ፣ ፓስወርድ ያለው። ፓስወርዱን ባዶ ከተዉት 1327 ይመጣል፤ ባዶ ፓስወርድ ያለው አካውንት እዚያው ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ካልሆነ በቀር አይገባም። ደጋግመው ሞክረው 1909 ካለ አካውንቱ ተቆልፏል። አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ 11፣ ከ22ኤች2 ቨርዥን ጀምሮ፣ 10 ጊዜ ሲሳሳቱ ለ10 ደቂቃ ይቆልፋል፤ እጅዎን ሰብስበው ይጠብቁ። 1219 ካለ ደግሞ በሌላ ስም የተከፈተ ግንኙነት አለ፤ ሳይን አውት ብሎ መመለስ ይበቃል። 1272 የእንግዳ መግቢያ ተከልክሏል ማለት ነው። ክልከላውን የሚያነሳ ምክር ይገጥምዎታል፣ አይስሙት፤ በዚያው ሎካል አካውንት ይግቡ።

709 "የፕሪንተሩን ስም ያረጋግጡ" ይላል፤ ስሙ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። ዊንዶውስ 11 ከ22ኤች2 ወዲህ ከፕሪንተር ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ከኔምድ ፓይፕ ወደ ቲሲፒ ቀይሯል። የቀድሞው በ445 ያልፍ ነበር፤ አዲሱ 135ን እና ተለዋዋጭ ፖርቶችን ይፈልጋል። አሮጌና አዲስ ዊንዶውስ ሲቀላቀል፣ ወይም ፋየርዎሉ ሲዘጋ 709 ይወጣል። መጀመሪያ ሁለቱንም ማሽኖች አፕዴት ያድርጉ። ካልሆነ ግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ደንቦች የሚስተካከሉበት) ውስጥ ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ፕሪንተርስ ይግቡ። የአርፒሲ (ማሽኖቹ ስለ ፕሪንተሩ የሚነጋገሩበት ስልት) ኮኔክሽን ሴቲንግስ የሚለውን የሚያትመው ማሽን ላይ ወደ ኔምድ ፓይፕ ይቀይሩ፤ የአርፒሲ ሊስነር ሴቲንግስን ደግሞ ፕሪንተሩ ያለበት ላይ ሁለቱንም እንዲቀበል ያድርጉት። ሁለቱንም ሪስታርት ያድርጉ። (709 የመጣው ዲፎልት ፕሪንተር ሲመርጡ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዊንዶውስ ዲፎልቱን ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅደውን ያጥፉ።)

ሆም እትም ግሩፕ ፖሊሲ የለውም። ለእሱ ፕሪንተሩን በእጅ ይጨምሩ፦ አዲስ ፖርት፣ ዓይነቱ ሎካል ፖርት፣ ስሙ ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ስላሾች፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ አንድ ስላሽ፣ ፕሪንተሩ ሼር የተደረገበት ስም። ድራይቨሩ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ በሚያትመው ማሽን ላይ ይጫኑት። ከዚያ በፊት ግን 53 እና 1326 መፈታት አለባቸው፣ ምክንያቱም ይህም የሚያልፈው በዚያው በር ነው።

ፕሪንተሩ የኔትወርክ ገመድ ወይም ዋይፋይ ካለው ግን ይህን ሁሉ ይዝለሉት፤ በራሱ አይፒ፣ በቲሲፒ ፖርት 9100 በቀጥታ ያገናኙት።

ከዚህ በኋላ 709 ካልጠፋ ሁለቱም ማሽኖች ላይ ዊንቨር ብለው የሚወጣውን የዊንዶውስ ቨርዥን እና ኮዱ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደመጣ እዚህ ይጻፉልን።