ጥያቄና መልስ፦ ዊንዶውሴን ሳላጠፋ ሊኑክስ ልጫን?

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው። «ድጋፉ አብቅቷል» ይሉኛል። ወደ 11 ላሳድገው ስል ደግሞ ኮምፒውተርሽ ብቁ አይደለም ይለኛል። ዕቃው ግን ገና ደህና ነው፤ 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ አለው። የእህቴ ልጅ «ሊኑክስ ጫኚበትና ተገላገይ» አለኝ። ችግሩ፣ የሒሳብ መዝገብ የምይዝበት ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። የልጆቼ ፎቶም ሁሉ እዚያው አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል? ፎቶዎቼስ አይጠፉብኝም?
*ፈሪዋ አንባቢ*

መልስ፦ ይቻላል። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ሥርዓት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛውን እንደሚፈልጉ ይጠይቅዎታል፤ መርጠው ይገባሉ። ፍርሃትዎንም አልነቅፈውም። ፎቶ የሚጠፋው ግን ሰው የተጻፈውን ሳያነብ «ቀጥል፣ ቀጥል» ሲል ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፎቶዎቹንና የሒሳብ ፋይሉን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ከዚያ ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩትና ጥቂቶቹን ከፍተው ይዩ። ይህን ሳያደርጉ የቀረውን አያንብቡልኝ።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ አያቆምም፤ የደህንነት ማሻሻያው ነው እንደ ድሮው የማይመጣው። እኔ ብሆን ኢሜይሉን፣ ባንኩንና ኢንተርኔቱን በሙሉ ወደ ሊኑክስ አዛውርና ዊንዶውሱን ለሒሳብ ፕሮግራሙ ብቻ አስቀረዋለሁ።

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ ለእርስዎ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንትን ነው። ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ብዙም አያደናግርም። 22ኛው እትሙ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው፤ 8 ጊጋ ራምም አይከብደውም። የእህትዎ ልጅ ሌላ ስም ከጠራ አይከራከሩት። የሊኑክስ ሰዎች በዚህ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

ሳይጭኑ መሞከርም ይችላሉ። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶውን ይምረጡ። ከኢንተርኔት ያወረዱትን የሚንት ፋይል ዝም ብለው ቢገለብጡበት አይሠራም፤ ሩፈስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይጻፉት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሲያበሩ ኤፍ 12ን፣ ወይም እንደ አምራቹ ኤፍ 9ን ወይም ኢስኬፕን ተጭነው ከፍላሹ ያስነሱት። ሚንት ዲስክዎን ሳይነካ ይከፈታል። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ይነቃል? አንድ ምሽት ይስጡት። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ከመጫንዎ በፊት ማወቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ሊኑክስ ነው፤ እኔ ግን አብዛኛው ጣጣ ሲመጣ የማየው ከዊንዶውሱ ዝግጅት ነው።

አንደኛው ቁልፉ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስካቸው ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ ይመጣል። የማስነሻው ነገር ሲነካካ ዊንዶውስ ይጠረጥርና 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጧል። ገብተው ያውጡትና ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ካስቀመጡት ምን ዋጋ አለው? ከዚያ ቢትሎከሩን ያጥፉት። ቁልፉን ፈቶ እስኪጨርስ ይቆያል፤ አያቋርጡት።

ሁለተኛው ፋስት ስታርታፕ ነው። ዊንዶውስ «አጥፋ» ሲሉት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቶሎ ለመነሳት ሲል እኩሉን አንቀላፍቶ ነው የሚያድረው። ሊኑክስ ዊንዶውሱ ያለበትን የዲስክ ክፍል እንዲህ ሲያገኘው «ባለቤቱ አልጨረሰም» ብሎ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። ፎቶውን ያያሉ፣ አዲስ ፋይል ማስቀመጥ ግን አይችሉም። የሚገርመው፣ ሪስታርት ሲያደርጉት ነው በትክክል የሚዘጋው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የፓወር ኦፕሽንስ ገጽ ላይ ምልክቱን አንስተው ይገላገሉ።

ሦስተኛው ቦታ ማስለቀቅ ነው። የዊንዶውስን ክፍል በዊንዶውስ በራሱ መቀነስ ይሻላል። ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ይክፈቱ። ከ256ቱ 238 ያህል ብቻ ቢያዩ ማንም አልሰረቀዎትም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ሲ (C) በሚለው የዊንዶውሱ ክፍል ላይ በቀኝ ተጭነው «ሽሪንክ ቮልዩም» (ክፍሉን ቀንስ) ይበሉ። እዚህ ጋ ቀስ ይበሉ። ሳጥኑ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈው ቁጥር ሊለቀቅ የሚችለው ከፍተኛው ነው። እንዳለ ከተቀበሉት ዊንዶውሱ መተንፈሻ ያጣል። የሚጠይቀው ደግሞ በሜጋባይት ነው። 60 ጊጋ ከፈለጉ 61440 ብለው ይጻፉ፤ ለእርስዎ ይበቃል። ብዙ ባዶ ቦታ እያለ ትንሽ ብቻ ከፈቀደ፣ ከቦታቸው የማይነቃነቁ ፋይሎች መሃል ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ሃይበርኔሽን የሚባለውን የዊንዶውስ ማስተኛ አጥፍተው፣ ሪስታርት አድርገው ይድገሙት።

የተለቀቀውን ባዶ ቦታ ፎርማት አያድርጉት፣ እንዳለ ይተዉት። መጫኑ ራሱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ምርጫ ሲያቀርብ ከዊንዶውስ «አሎንግሳይድ» (ጎን ለጎን) የሚለውን ይምረጡ። «ኢሬዝ ዲስክ» (ዲስኩን አጥፋ) የሚለው ያው እንደ ስሙ ነው፤ ዊንዶውሱንም ፎቶውንም ጠራርጎ ይወስዳል። «አሎንግሳይድ» የሚለው ጭራሽ ካልመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷልና በግምት አይቀጥሉ። ዘግተው ይውጡና ቢትሎከሩ በእርግጥ መጥፋቱን ይዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ጋ የሚፈልጉትን ሰነድ ዊንዶውሱ ክፍል ላይ ያስቀምጡ። ሊኑክስ የዊንዶውስን ክፍል ያነባል፤ ዊንዶውስ ግን የሊኑክስን በራሱ አይከፍትም።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም ጭኜ እየተጠቀምኩ ነው። ግን ሊኑክስ ተጠቅሜ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ ይዛባል። የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ይሆን?
*ሰዓት የጠፋበት*

መልስ፦ ባትሪውን ተወው። ዊንዶውስ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሰዓት ያንተ አካባቢ ሰዓት አድርጎ ነው የሚያነበው። ሊኑክስ ደግሞ ዓለም አቀፉን ሰዓት ይጽፍበትና ልዩነቱን ራሱ ያሰላል። አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ መንገድ ሲያነበው ይዛባል። ቀላሉ መፍትሔ ሊኑክሱ ለዊንዶውስ እንዲስማማ ማድረግ ነው። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትዕዛዝ «ሎካል አርቲሲ»ን 1 አድርገው፤ አጻጻፉ timedatectl set-local-rtc 1 ነው። ከዚያ ዊንዶውስ ገብተህ ሰዓቱን አንዴ አስተካክል።