«ጥርሱን እችለዋለሁ፣ መርፌውን ግን...»

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የታች መንጋጋዬ ተቦርቡሮ ማታ ማታ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ቤት ያሉት ሂጂና አስሞዪው ይሉኛል ግን የዛሬ 3 ዓመት ፊቴ አብጦ አንዱን ሳስነቅል ማደንዘዣው እንባዬን ነው ያወረደው፣ ተወግቼም በደንብ አልደነዘዘኝም፣ ልቤ ደግሞ ድው ድው ሲል የምሞት ነው የመሰለኝ። ከዛ ወዲህ ሁለቴ ክሊኒኩ በር ደርሼ ተመለስኩ፣ አሁን በቅርንፉድ ነው የማስታግሰው። ሳያም የሚወጋበት መንገድ የለም ወይ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ በር ደርሶ የሚመለሰው ብዙ ነው፣ ጢሙን ያጎፈረ ሹፌር ሳይቀር ሲመለስ አይቻለሁ። ሰው የሚፈራው የመርፌውን ጫፍ ነው እንጂ ብዙ ጊዜ የሚያመው ፈሳሹ ነው። ትንሿ ብልቃጥ 1.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ትይዛለች፣ ይቺን በ10 ሰከንድ ገፍተው ሲያስገቧት ስጋውን ትወጥረዋለች፣ እንባሽን ያወረደው እሱ ነው። በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ያህል እየተንጠባጠበች ስትገባ ግን ፊት የገባው ለኋለኛው እያደነዘዘለት ይሄዳል። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳልሽ «ዶክተር፣ ሲወጉኝ ቀስ ይበሉልኝ» በያቸው፣ አይቀየሙሽም፣ እኛም ወረፋ ሲበዛ እንቸኩላለን እውነቱን ለመናገር።

የሚቀባ ማደንዘዣ ጄል እንዳላቸውም ጠይቂ። ድዱ በጥጥ ደርቆ ተቀብቶ 1 ወይ 2 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ ቀብቶ ወዲያው መውጋት ለስሙ ነው። እሱም ቢሆን ላይ ላዩን፣ 2 እና 3 ሚሊ ሜትር ቢያደነዝዝ ነው፣ የታች መንጋጋ መርፌ ደግሞ ጠልቆ ስለሚገባ የመጀመሪያዋን ውጊያ ብቻ ነው የሚሸፍንልሽ። ሐኪሙ እየወጋ ጉንጭሽን ይዞ ካወዛወዘው ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ ክርንሽ ሲጋጭ ቶሎ ብለሽ እንደምታሺው ማለት ነው፣ መነካካቱ የህመሙን ስሜት ያደበዝዘዋል።

የልብሽ ነገር፣ ማደንዘዣው ቶሎ እንዳይጠፋ ጥቂት አድሬናሊን ይጨመርበታል፣ ድው ድው ያደረገሽ ብዙውን ጊዜ እሱና ፍርሃቱ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ግፊት፣ የልብ ችግር ወይ እርግዝና ካለሽ ግን ሳትወጊ በፊት ተናገሪ።

አሁን ወደ ቅርንፉዱ። ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ልክ ነሽ (ከአረቄው ይሻላል፣ አረቄ ጥርሳቸው ላይ ይዘው ድዳቸውን ልጠው የሚመጡ አሉ)፣ መቦርቦሩን ግን አያቆመውም። ያኔ መርፌው ያልያዘሽ አብጠሽ ስለሄድሽ ይመስለኛል፣ የመገለ ቦታ አሲድ ስለሚበዛበት ማደንዘዣው እንደልቡ አይሰራም። ስለዚህ ሳያብጥ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ባዶ ሆድሽን ግን እንዳትሄጂ፣ ፍርሃትና ረሃብ ተጋግዘው ይጥሉሻል፣ ስትወጊም ጋደም ብለሽ ይሁን። ሲያምሽ ግራ እጅሽን እንደምታነሺ ቀድመሽ ተስማሚ፣ ከዛ ከንፈርሽ እስኪነቃ 3 እና 4 ሰዓት ምግብ አታኝኪ፣ ቆሎ የቆረጠምሽ መስሎሽ ጉንጭሽን እንዳትበዪው።