ኮሌጅ ልቆይ ወይስ ኤን ኤፍ ኤል ልግባ ለምትሉ ልጆች

ልጆች፣ ዲሴምበር ሲገባደድ ስልኬ ፋታ ያጣል። አንዳንዴ የምትደውሉት እናንተ ናችሁ፣ ብዙ ጊዜ ግን እናትና አባት ናቸው። "ልጁ አንድ ዓመት ልቆይ ይላል፣ ሌላው ደግሞ አሁኑኑ ግባ ይለዋል፣ እኛ ጨዋታውንም በቅጡ አናውቀው፣ ምን እንበለው?" ይሉኛል። እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም። የሂሳብና የታክስ ባለሙያ ነኝ፤ ቴክሳስ ውስጥ የታክሲ ሹፌሩንም የምግብ ቤት ባለቤቷንም መዝገብ ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾችና ወላጆቻቸው ቢሮዬን ማዘውተር ጀምረዋል። ስለዚህ ለየብቻ የምነግራችሁን እዚህ አንድ ላይ ልጻፈው። ፉትቦል የምለው የአሜሪካኑን ነው። ኤን ኤፍ ኤል የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ነው፣ ድራፍት ደግሞ የሊጉ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሰባት ዙር ተራ በተራ የሚመርጡበት ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ኮሌጁ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሰጣችሁን ገንዘብ ኤን ኤፍ ኤል በመጀመሪያው ዓመት ከሚከፍለው ጋር ብቻ አታወዳድሩት። ስንተኛ ዙር ላይ እንደምትመረጡና ሁለተኛው ኮንትራት በስንት ዓመታችሁ እንደሚመጣ አስቡ። ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው።

ድሮ ይህ ጥያቄ ራሱ ሌላ ነበር። ኮሌጅ የሚጫወት ልጅ ስኮላርሺፕ እንጂ ደሞዝ አልነበረውም፣ አንድ ዓመት መቆየት ማለት ሰውነትን በነጻ ለአደጋ ማጋለጥ ማለት ነበር። የዩ ኤስ ሲው (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ማት ባርክሌይ በ2012 ድራፍት ቢገባ በመጀመሪያው ዙር እንደሚመረጥ ብዙዎች ይናገሩ ነበር። ቆየ። ቡድኑ ደከመ፣ እሱም ትከሻው ተጎዳ፣ በ2013 በአራተኛው ዙር 98ኛ ሆኖ ተመረጠ። ለዚያች አንድ ዓመት የከፈለው ማንም የለም።

ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤን ሲ ኤ ኤ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ፈቀደ፤ እናንተ ኤን አይ ኤል የምትሉት ማለት ነው። ቀጥሎ ጁን 2025 ላይ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን፣ ተጫዋቾች ኤን ሲ ኤ ኤን የከሰሱበትን ክርክር የቋጨውን የሃውስን ስምምነት ሲያጸድቁ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በቀጥታ መክፈል ቻለ። ለመጀመሪያው ዓመት፣ ከ2025 እስከ 2026፣ የተቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ገንዘቡ ለሁሉም ስፖርት ቢሆንም በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ፉትቦል ነው።

የኤን አይ ኤሉ ውጤት ወዲያው ታየ። በ2021 የኮሌጅ ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ወደ ድራፍት የገቡት ከ120 በላይ ነበሩ። በ2024 ቁጥሩ ከ60 በታች ወረደ። ኮቪድ ለተጫዋቾች ተጨማሪ ዓመት ስለሰጠ ቁጥሩን አዛብቶታል፣ እሱን አልክድም። ዋናው ምክንያት ግን ገንዘቡ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ።

እናንተም እዩአቸው። ከ2011 ጀምሮ የአዲስ ገቢ ኮንትራት ዋጋው የተቆረጠ ነው፣ በተመረጣችሁበት ቁጥር ይወሰናል፣ ብዙ መደራደር የለም። በ2025 አንደኛ የተመረጠው ልጅ ለአራት ዓመት ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረመለት። ሰባተኛ ዙር ላይ የተመረጠው ደግሞ ለአራት ዓመት ወደ 4.3 ሚሊዮን ነው የሚጻፍለት። ይጻፍለታል እንጂ ይከፈለዋል አላልኩም! የተረጋገጠለት የፊርማው ገንዘብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ ሲዝኑ ሳይጀመር በኦገስት ከተቀነሰ የቀረው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ቡድን ውስጥ ከቆየ የ2025 የጀማሪ ዝቅተኛ ደሞዝ 840 ሺህ ዶላር ነበር፣ ፕራክቲስ ስኳድ፣ ማለትም የልምምድ ቡድኑ፣ ላይ ከወደቀ ደግሞ በሳምንት 13 ሺህ ገደማ፣ ያውም ሳምንቱ ሲያልቅ ሊሰናበት ይችላል። እንግዲህ ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ቋሚ ተሰላፊ የሆነ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ሲቀርብለት ለምን ይቸኩላል?

ስለዚህ የኮሌጁ ክፍያ የመጀመሪያውን ዙር ልጅ ውሳኔ ብዙም አልቀየረም። የቀየረው የመሀለኞቹን ነው፤ ከሦስተኛ እስከ ሰባተኛ ዙር ያሉትን፣ ጭራሽ ላይመረጡ የሚችሉትንም።

ካም ዋርድን ውሰዱ። ከሃይስኩል ሲወጣ ኢንካርኔት ወርድ የሚባል የቴክሳስ ትንሽ ትምህርት ቤት ብቻ ነው ዞር ብሎ ያየው። ከዚያ ዋሽንግተን ስቴት ገባ። ጃንዋሪ 2024 ላይ ድራፍት እገባለሁ ብሎ አስታወቀ፣ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀይሮ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ እዚያ በአንድ ሲዝን 39 የተችዳውን (እንደ ጎል የሚቆጠር) ኳስ ወረወረ፣ በ2025 ቴነሲ ታይታንስ አንደኛ አድርጎ መረጠው። ከላይ ያልኳችሁ 48 ሚሊዮን የሱ ነው። በዚያው ድራፍት የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ኳርተርባክ ኩዊን ዩወርስ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ አንድ ዓመት ቢጫወት ብዙ ሚሊዮን ዶላር እንደቀረበለት በሰፊው ተወርቶ ነበር። እሱ ድራፍቱን መረጠ፣ በሰባተኛው ዙር 231ኛ ሆኖ ማያሚ ዶልፊንስ ወሰደው። የአራት ዓመት ኮንትራቱ በሙሉ ለአንድ የኮሌጅ ዓመት ቀረበለት ከተባለው ያንሳል።

ታዲያ ዩወርስ ተሳሳተ? እኔ እንደዚያ አልልም። በመጀመሪያው ዓመቱ መጨረሻ ዶልፊንስ ቋሚ አድርጎ አሰልፎታል። ኮሌጅ ቢቆይ ያንን ዕድል የሚያገኘው ቢያንስ ከዓመት በኋላ ነበር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆች የማያዩት ነገር የሚመጣው።

ኤን ኤፍ ኤል ውስጥ ገደብ የሌለው ነጻ ተጫዋች ለመሆን፣ ማለትም ከፈለጉት ቡድን ጋር ለመደራደር፣ ሊጉ የቆጠራቸው አራት ሲዝኖች ያስፈልጋሉ። በ21 ዓመቱ የገባ ልጅ በ25 ገበያ ላይ ይወጣል። በ24 የገባ ደግሞ በ28። የመጀመሪያ ዙር ልጅ ከሆነ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት ስላለው 29 ይሆናል። ለኳርተርባክ 28 ገና ጎልማሳነት ነው፣ አስር ዓመት ሊጫወት ይችላል። ኳስ ይዞ ለሚሮጠው ለራኒንግ ባክ ግን 28 ዓመት ቡድኖች ፊታቸውን የሚያዞሩበት ዕድሜ ነው። በኮሌጅ የተሸከመው እያንዳንዱ ምት ከዚያ ከሁለተኛው ኮንትራት ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ቼክ ቢቀርብላቸውም ምክሬ አንድ አይደለም። ሦስተኛ ዙር የተገመተ ኳርተርባክ ቆይ እለዋለሁ። ሁለተኛ ዙር የተገመተ ራኒንግ ባክ፣ ጤነኛ ከሆነ፣ ሂድ እለዋለሁ፣ የኮሌጁ ቼክ ቢበልጥም። የኤን ኤፍ ኤል ጡረታም የሚጸናው ሦስት የተቆጠሩ ሲዝኖች ሲሞሉ ነው፣ እሱም ቶሎ መቁጠር መጀመር ያለበት ሰዓት ነው።

ስንተኛ ዙር እንደምትመረጡ ደግሞ ከኢንስታግራም አትስሙ። ከአጎታችሁም አትስሙ። ኤን ኤፍ ኤል ራሱ የኮሌጅ አማካሪ ኮሚቴ አለው፣ በትምህርት ቤታችሁ በኩል ስትጠይቁ የቡድን ሰዎች ፊልማችሁን አይተው "አንደኛ ዙር"፣ "ሁለተኛ ዙር" ወይም "ትምህርት ቤት ቆይ" ብለው ይመልሳሉ። በነጻ ነው። "ቆይ" የተባለ ልጅ ተናዶ ሲገባ አይቻለሁ፣ ንዴቱ ይገባኛል፣ ግን እነዚያ ሰዎች እናንተን በማታለል የሚያተርፉት ነገር የለም። ወኪል ነኝ የሚላችሁ ሰው ግን የሚያተርፈው አለ። የኤን ኤፍ ኤል ተጫዋቾች ማኅበር የወኪልን ድርሻ ከተጫዋች ኮንትራት ላይ ቢበዛ 3 በመቶ ላይ ቆርጦታል፤ በኮሌጁ ገንዘብ ላይ ግን እንደዚያ ያለ አጥር ስለሌለ ከዚያ እጥፍ ድርብ የሚጠይቁ አሉ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? በሴፕቴምበር 2024 የዩ ኤን ኤል ቪ (ላስ ቬጋስ ያለው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ) ኳርተርባክ ማቲው ስሉካ ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ሲዝኑን አቋርጦ ወጣ። ወኪሉ 100 ሺህ ዶላር በቃል ተገብቶለት አልተከፈለውም አለ። የትምህርት ቤቱ ወገን ደግሞ ሕጋዊ ስምምነት አልነበረም አለ። ማን ልክ እንደነበር መፍረድ የኔ ሥራ አይደለም። ወረቀት ቢኖር ግን ክርክሩ ባልተነሳ ነበር። ስለዚህ ለመቆየት ከወሰናችሁ ገንዘቡ በየወሩ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ፣ ብትጎዱ ይቀጥላል ወይ፣ ትምህርት ቤት ብትቀይሩ ምን ያህል ትመልሳላችሁ፣ ስማችሁንና ምስላችሁን እስከ መቼ ይዘውት ይቆያሉ፣ እነዚህን ከኮንትራቱ ላይ በጣታችሁ እያሳያችሁ ጠበቃ ያንብብላችሁ። የጉዳት ኢንሹራንስ ማን እንደሚከፍልም ጠይቁ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር መጥቶ 1099 ፎርሙን፣ ተቀጣሪ ላልሆነ ሠራተኛ የሚሰጠውን የገቢ ወረቀት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። 180 ሺህ ዶላር ይላል። ሙሉው የሱ መስሎት ነበር፤ ፒክአፕ ገዝቷል፣ ለአክስቱ ቤት ማደሻ አዲስ አበባ ልኳል፣ የቀረው ሂሳቡ ላይ 11 ሺህ ነው። ከዚያ ገንዘብ ላይ ማንም ቀድሞ ታክስ አልቆረጠለትም። በራሱ እንደሚሠራ ሰው 15.3 በመቶው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር አለ፣ በላዩ የፌዴራሉ የገቢ ታክስ አለ፣ ስንደምረው ወደ 50 ሺህ ዶላር ተጠጋ። እናቱ ፎርሙን አንስታ አየችውና "ይሄ እኮ ያባቱ የኡበር ወረቀት ነው" አለች። ልክ ናት፣ ያው ፎርም ነው። ልጁ ድራፍት ለመግባት የወሰነው የዚያን ሰሞን ነው፤ ስለ ዙሩ ሳይሆን ዕዳውን በፊርማ ገንዘብ ልክፈል ብሎ። ያሳዘነኝ እሱ ነው። ከየቼኩ ሲሶውን ለብቻው ሂሳብ ውስጥ አስቀምጦ በየሩብ ዓመቱ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ጃንዋሪ ላይ በነጻነት ያስብ ነበር። ኤን ኤፍ ኤል ግን እንደ ማንኛውም ቀጣሪ ታክሱን ቆርጦ ነው የሚከፍለው፣ ስለዚህ ሁለቱን ቁጥር ስታነጻጽሩ ከታክስ በኋላ ያለውን አነጻጽሩ። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ቴነሲ የስቴት የገቢ ታክስ የላቸውም፣ ካሊፎርኒያ አለው፣ ያም ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ከሀገር ቤት በኤፍ ዋን ቪዛ መጥታችሁ በሩጫም ይሁን በሌላ ስፖርት ስኮላርሺፕ ያላችሁ ደግሞ፣ የቡድን ጓደኛችሁ የፈረመውን አይታችሁ አትፈርሙ። የተማሪ ቪዛ ሥራ ላይ ገደብ አለው። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሂዱ።

ወላጆችም ካነበባችሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጁ እስኪወስን ድረስ ስለ ቤት፣ ስለ መኪና፣ ለዘመድ ስለሚላክ ገንዘብ አታንሱበት። ለድራፍቱ የማስመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ነው። እስከዚያ የኮሚቴውን መልስ፣ የትምህርት ቤቱን ኮንትራትና ያለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀት ይዞ ይምጣ፣ አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን።