ለኤጀንሲ 45 ሺ ብር ከመክፈልሽ በፊት ትንሽ ታገሺኝ

እህቴ ጥያቄሽን ማታ ነው ያየሁት፣ በስልክ መመለስ ጀምሬ ረዘመብኝና ተውኩት፣ አሁን ስታዲየም አካባቢ ቢሮዬ ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምፅፍልሽ። ለሌሎችም እንዲገባ ያልሽውን ባጭሩ ልድገመው፣ በአካውንቲንግ በ3.1 ከተመረቅሽ ሁለት አመት ተኩል ሆኖሻል፣ ስራ ላይ ነሽ፣ ውጪ ማስተርስ መማር ትፈልጊያለሽ ቤተሰብ ጋር ግን ለዚህ የሚሆን ብር የለም፣ ወንድምሽ ደሞ 12ኛ ክፍል ነው፣ አንድ ኤጀንሲ "ፉል ስኮላርሺፕ እናስገኝልሻለን" ብሎ 45 ሺ ብር ጠይቆሻል፣ ልክፈል ወይስ ራሴ ልሞክር፣ ከየት ልጀምር ነው ጥያቄሽ።

ብሩን አትክፈዪ። እኔ ከፍዬ ስላየሁት ነው እንዲህ የምልሽ። በ2010 አንድ ቢሮ፣ ስሙን አልጠራም፣ 12 ሺ ብር ተቀበለኝ፣ ያኔ ከሁለት ወር ደሞዜ በላይ ነው። የሰሩልኝ ነገር እኔው በነፃ ልሞላው የምችለውን ፎርም መሙላት ነበር፣ ሞቲቬሽን ሌተር ብለው የሰጡኝን ደሞ በኋላ እዛው ከከፈለ ጓደኛዬ ጋር አስተያየነው፣ ስምና የትምህርት ክፍል ብቻ ነው የተቀየረው፣ የሱም የኔም የሚጀምረው "ከልጅነቴ ጀምሮ ህልሜ" ብሎ ነው። ሁለታችንም አላለፍንም። የእንግሊዝ መንግስት ቼቭኒንግ በይ፣ የቱርክ መንግስት ስኮላርሺፕ በይ፣ የሀንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም በይ፣ የአውሮፓ ህብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ በይ፣ ለማመልከት ብር አይጠይቁም። ማንም ሰው ውጤቱን አስቀድሞ ሊያረጋግጥልሽ አይችልም፣ "ውስጥ ሰው አለን" የሚልሽን ሰው ስልኩን ዝጊበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በመጀመሪያው አመት 14 ቦታ አመለከትኩ፣ አንድም አልመጣም። በሁለተኛው አመት አራት ቦታ ብቻ አመለከትኩ፣ አንዱ ኢራስመስ ሪዘርቭ ሊስት (ተጠባባቂ) ላይ አስቀመጠኝ፣ አንዱ የጀርመኑ ዳአድ ተቀበለኝና በ2012 መጀመሪያ ላይ ሄድኩ። ውጤቴ ያው ነው፣ ስራዬም ያው ነው፣ የተለወጠው ወረቀቱን ጥሪው ሳይወጣ በፊት መጨረሴ ነው። ሰው ስኮላርሺፕ ፍለጋ ሲል ሊንክ መሰብሰብ ይመስለዋል፣ ቴሌግራም ላይ በቀን አስር ይለጠፋል እኮ፣ ሊንክ ጠፍቶ አይደለም፣ ጥሪው ሲወጣ ስድስት ሳምንት ይሰጡሻል የኛ ሀገር ወረቀት ግን በስድስት ሳምንት አያልቅም።

ትራንስክሪፕቱን ልንገርሽ። አሁን በእጅሽ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ኮስት ሼሪንግ ካልጨረስሽ ኦሪጅናል ዲግሪሽን አይለቁልሽም። አብዛኞቹ ስኮላርሺፖች ለማመልከቻ ስቱደንት ኮፒ ስካን ተደርጎ ቢላክ ይቀበላሉ፣ ስትመረጪ ግን ኦሪጅናሉን ይሉሻል፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ደሞ ከመጀመሪያውኑ ኦፊሻል ከሬጅስትራር በቀጥታ ይላክልን ይላል። እኔ የተማርኩት ክልል ስለነበር ሁለቴ ተመላልሻለሁ። የመጀመሪያ ቀን የሄድኩት ሬጅስትራር በር ላይ ደረሰኝ ይዤ ከጠዋት 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ቆሜ፣ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ፋይሌን አውጥታ "ክሊራንስህ ላይ የላይብረሪ ፊርማ የለም" አለችኝ። ከተመረቅኩ ሶስት አመት ሊሞላኝ ነው፣ ፊርማዋ አንዲት ናት፣ ለሷ ብዬ አንድ ሳምንት ከስራ ቀረሁ። ያን አመት አንዱ ማመልከቻ የተቃጠለብኝ በዚች ነው። ስለዚ ማንኛውንም ሊንክ ከመክፈትሽ በፊት ፋይልሽ ሙሉ መሆኑን፣ ኮስት ሼሪንግሽ ስንት እንደቀረው ጠይቂ። እግረ መንገድሽን የተማርሽው በእንግሊዝኛ ነው የሚል ደብዳቤ አፅፊ፣ ሚዲየም ኦፍ ኢንስትራክሽን በያቸው ያውቁታል፣ በአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ፈተናው) ፈንታ እሱን የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ የአይኤልትስ ውጤት ደሞ የሚያገለግለው ሁለት አመት ብቻ ስለሆነ የት እንደምታመለክቺ ሳትወስኚ ቀድመሽ አትፈተኚ።

ስምሽንም አስተያዪው። ፓስፖርትሽ ላይ፣ ዲግሪሽ ላይ፣ ትራንስክሪፕትሽ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ አይነት መፃፍ አለበት። የኔ የአያቴ ስም አንዱ ላይ በአይ አንዱ ላይ በዋይ ተፅፎ ኤምባሲ ላይ አስጨንቆኛል። ፓስፖርት ከሌለሽ ደሞ እሱን አሁኑኑ ጀምሪ፣ ቱርክም ሀንጋሪም ኮሪያም የምትሞዪው ስም በኋላ ከፓስፖርቱ ጋር መግጠም አለበት።

ሪኮመንዴሽን ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አስተማሪውን በመጨረሻው ሳምንት ሄዶ "ፅፌ ላምጣና ፈርሙልኝ" በማለት ነው። አሁን አብዛኛው በወረቀት አይደለም፣ አስተማሪው ኢሜይል ላይ ሊንክ ይላክለትና ራሱ ገብቶ ይጭናል፣ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ቢሆን ይመረጣል። ስድስት ኪሎ የሚያስተምር አንድ ዶክተር አሉ፣ ድሮ እኛ ጋር በእንግድነት መጥተው አስተምረውኝ ነበር፣ ቢሮአቸው ስሄድ ጠረጴዛቸው ላይ የተማሪ ጥያቄ ተደራርቦ አየሁ። እኔ አንድ ገፅ ወረቀት ነበር ይዤ የሄድኩት፣ በየትኛው አመት እንዳስተማሩኝ፣ በሳቸው ኮርስ ስንት እንዳመጣሁ፣ የሰራሁት ፕሮጀክት ርእስ፣ የማመለክትበት ፕሮግራም ምን እንደሚፈልግ፣ መጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ። መነፅራቸውን አድርገው አነበቡትና "አንተ ነህ እንዴ የጉድጓድ ውሃውን ፕሮጀክት የሰራኸው" አሉኝ። አስታወሱኝ ማለት ነው። የፃፉልኝን እስከዛሬ አላየሁትም ግን ኢንተርቪው ላይ ስለዛ ፕሮጀክት ነው የጠየቁኝ። አንቺም አንዱን ከአስተማሪ አንዱን ከስራ አለቃ አድርጊ፣ ሁለት ወር ቀድመሽ ጠይቂ፣ ሳምንት ሲቀረው በትህትና አስታውሺ።

ሰዓት ደሞ። ይሄ አሁንም ያመኛል። ቼቭኒንግ 12፡00 ጂኤምቲ ላይ ይዘጋል ይላል፣ እኔ 12 ሰዓት ማለት ለኛ ማታ ነው ብዬ ከስራ ወጥቼ ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት (አሁን ፈርሷል) 11 ሰዓት ላይ ገባሁ፣ ኢሴዎቹ አልቀዋል ሰብሚት ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ገፁ ተዘግቷል። 12፡00 ጂኤምቲ በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሶስት ወር የፃፍኩት በሁለት ሰዓት ቀረ። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሁኔታዬን አይታ የሰዓቱን ሂሳብ አልቀበልህም አለችኝ። አውሮፓ እኩለ ለሊት የሚል ከሆነ ደሞ በክረምታቸው የኛ ለሊት 8 ሰዓት ነው፣ ብቻ አንቺ ሁሉንም ከሶስት ቀን በፊት ላኪ፣ መብራትም ኔትዎርክም ሊጠፋ ይችላል። የሚረጋጋ ቦታ ከፈለግሽ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መፃህፍት ግቢ፣ በኔ ጊዜ አልተከፈተም ነበር እንጂ ለእንደዚህ አይነት ስራ በጣም አሪፍ ነው።

ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። ሁለት አመት ተኩል ስራ አለሽ አይደል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ትልልቆቹ የሚፈልጉት አዲስ ተመራቂ አይደለም። ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የስራ ልምድ ይጠይቃል፣ ወደ ሁለት አመት ማለት ነው፣ እንግሊዝ የአንድ አመት ማስተርስ ነው፣ ስትጨርሺ ለሁለት አመት ሀገርሽ መመለስ ግዴታ ነው። ጥሪው ብዙ ጊዜ ነሐሴ አካባቢ ይወጣል። ዳአድ ውስጥ ደሞ ኢፖስ የሚባል አለ፣ ለታዳጊ ሀገር ባለሙያዎች የተመረጡ ኮርሶች ዝርዝር ነው፣ ኢኮኖሚክስና የልማት አስተዳደር አይነቶቹ ላንቺ ይሆናሉ፣ ሁለት አመት ልምድ ይፈልጋል፣ ከተመረቅሽ ደሞ ከስድስት አመት ማለፍ የለበትም። እያንዳንዱ ኮርስ የራሱ መዝጊያ ቀን ስላለው ዝርዝሩን አውርደሽ ሶስት ምረጪ። ኢራስመስ ሙንዱስ የትምህርት ክፍያውን ችሎ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ ሁለትና ከዛ በላይ ሀገር እየተዘዋወርሽ ነው የምትማሪው፣ አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ይቀበላሉ። ፌሎሺፕ የሚል ስታዪ ደሞ ዲግሪ ይሰጣል ወይ ብለሽ አጣሪ፣ ለምሳሌ የአሜሪካው ሃምፍሬ አምስት አመት ለሰራ ሰው ነው፣ ዲግሪ የለውም። ኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ የሚል ካየሽ እለፊው፣ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም፣ እኔ ግማሽ ቀን ፎርም ሞልቼ ነው ሀገር ምረጥ የሚለው ላይ ያጣኋት።

"ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው" የሚሉሽም ግማሹን ነው የሚነግሩሽ። የመንግስት ዩኒቨርሲቲ አብዛኛው ቦታ አያስከፍልም እውነት ነው፣ ግን ስኮላርሺፕ ሳይኖርሽ ቪዛ ስትጠይቂ ብሎክድ አካውንት (ገንዘቡ የሚታገድበት ሂሳብ) ውስጥ ለአመት 11,904 ዩሮ አስቀምጪ ይሉሻል። አክሰፕታንስ ይዘው እዚህ ላይ የቀሩ ሶስት ልጆች አውቃለሁ። አድሚሽንና ስኮላርሺፕ የተለያየ ነገር ነው፣ ኤጀንሲዎቹም ብዙ ጊዜ የሚሸጡልሽ አድሚሽኑን ነው።

አሜሪካ ለማስተርስ ፈንድ ማግኘት ከባድ ነው፣ ፒኤችዲ ከሆነ ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ትምህርቱን ከፍሎ ስታስተምሪ ወይ ሪሰርች ስትሰሪ የኑሮ ይሰጥሻል፣ በመጀመሪያ ዲግሪም በቀጥታ ይገባል፣ እዚህ ብዙ ሰው ማስተርስ የግድ ይመስለዋል። መዝጊያው ብዙውን ጊዜ ከህዳር 22 እስከ ታህሳስ 6 ባለው ውስጥ ነው። የማመልከቻ ዶላር ከሌለሽ ለዲፓርትመንቱ አጭር ኢሜይል ፅፈሽ ፊ ዌይቨር (ከማመልከቻ ክፍያ ነፃ አድርጉኝ ማለት ነው) ጠይቂ፣ አያፍሩም አይቆጡም፣ የራሴን እህት ከአምስት ሶስቱ ሰጥተዋታል።

3.1 አስጨንቆሻል መሰለኝ። አንዳንዱን ይዘጋብሻል፣ ሁሉንም አይደለም። ቱርክ ለማስተርስ 75 ፐርሰንት ነው የሚፈልጉት፣ ያንቺ ያልፋል። ስቴትመንትሽ (ሞቲቬሽን ሌተርሽ) ላይ ስለ ውጤትሽ ይቅርታ አትጠይቂ፣ የሰራሽውን ፃፊ። "ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መስራት እችላለሁ" የሚለውን ሁሉም ሰው ይፅፈዋል። አንቺ ግን መስሪያ ቤትሽ ውስጥ በእጅ ሲሰራ የነበረውን ሂሳብ ወደ ሲስተም ስታስገቡ ምን ተበላሸ፣ ምን አስተካከልሽ፣ ስንት ቅርንጫፍ ነካ፣ ያቺን አንድ ታሪክ በደንብ ንገሪያቸው፣ ከዛ ይሄን ኮርስ የምፈልገው እዚህ ጋር ስለጎደለኝ ነው በይ። እኔ በሁለተኛው አመት የፃፍኩት አንድ ወረዳ ውስጥ ስለተበላሸ ፓምፕ ብቻ ነው።

ወንድምሽ። እሱ ጊዜ አለው፣ ካንቺ ይልቅ ስለሱ ነው ደስ ያለኝ። ቱርክ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21 አመት በታች ይፈልጋል፣ ውጤቱ 70 ፐርሰንት ነው ለህክምና ግን 90፣ የክፍል ውጤቱን ወይም ብሄራዊ ፈተናውን ማቅረብ ይችላል፣ ማትሪክ እንዴት እንደከበደ ታውቂያለሽ በ2014 ከተፈተኑት 50 ፐርሰንት ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ፣ ስለዚ የክፍሉን ውጤት አይናቅ። ጥሪው ብዙ ጊዜ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ነው፣ የመጀመሪያው አመት ቋንቋ ነው። ሀንጋሪ ጥር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል፣ እሱ በትምህርት ሚኒስቴር በኩልም እጩ መሆን ስላለበት አራት ኪሎ ሄዶ ይጠይቅ። አሜሪካ ከፈለገ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝ የውጪ ተማሪ ሲመርጡ መክፈል ይችላል ወይ ብለው አያዩም፣ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሸፍናሉ። መግባቱ በጣም ከባድ ነው፣ ጎበዝ ከሆነ ግን ብር የለንም ብሎ አይተወው። ኤምባሲው ጋር ያለው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ ስለዚህ ያማክራል። ሀገር ውስጥም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ጎንደር የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርስ ፕሮግራም አላቸው፣ ለሴቶች ቅድሚያ ስለሚሰጥ አንቺም ለማስተርስ እዪው፣ ውጪ ብቻ አትበዪ።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ሬጅስትራር ደውዪና ፋይልሽን አጣሪ። ከዛ ስቴትመንትሽን ራስሽ በራስሽ እንግሊዝኛ ፅፈሽ ኢንቦክስ ላኪልኝ፣ ቢበላሽም ችግር የለም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ አንብቤ ያልገባኝ ቦታ ላይ ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ። 45 ሺውን ለፓስፖርት፣ ለኮስት ሼሪንግና ለፈተና ታወጪዋለሽ።