የትኛው ባክቴሪያ? የትስ ቦታ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ባክቴሪያ የሚጠይቁ ናቸው። እኔ የባክቴሪያ ምርመራ ላቦራቶሪ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምመልሰው በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ዕለት ዕለት ከማየው ተነሥቼ ነው፤ የሕክምናውን ውሳኔ ለሚያክማችሁ ሐኪም እተዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሳይኖርብኝ አይቀርም ተብሎ ካልቸር የሚባል ምርመራ ታዘዘልኝ። ናሙናውን ነገ ጠዋት እሰጣለሁ፤ ውጤቱ ግን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል አሉኝ። እህቴ ባለፈው ዓመት በተመሳሳይ ሕመም ታማ ከወሰደችው አንቲባዮቲክ የተረፈ ቤት ውስጥ አለ። እሱን ዛሬ ብጀምር ምን ይጎዳኛል? ለመሆኑ ይህን ሁሉ ቀን ምን ይሠራሉ?

መልስ፦ እባክዎን አይጀምሩት። ምክንያቱ ግልጽ እንዲሆንልዎ ናሙናዎ የሚያልፍበትን መንገድ ልንገርዎ።

ሽንትዎ ሲደርሰን በቀጭን የሽቦ ቀለበት ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሺህኛውን ያህል ጨልፈን፣ ፔትሪ ዲሽ በሚባል ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳሕን ውስጥ በረጋ የባክቴሪያ ምግብ ላይ እንቀባዋለን። ዲሹ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ ኢንኩቤተር ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ሲወጣ ትናንት በዓይን የማይታየው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለብዙው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምክንያት የሆነው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ማኮንኪ በሚባለው ምግብ ላይ ካደገ ደማቅ ሮዝ ነጠብጣቦች ሠርቶ ይጠብቀናል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ በአብዛኛው ከአንድ ባክቴሪያ የተባዙ ሚሊዮኖች ነው። ነጠብጣቦቹን እንቆጥራለን። ጥቂትና ድብልቅልቅ ያሉ ከሆኑ ናሙናው ሲወሰድ ከቆዳ የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙና አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ኢ. ኮላይ በአንጀትዎ ውስጥ ከሕፃንነትዎ ጀምሮ አብሮዎት የኖረ ነው። አብዛኛው እዚያ ሳለ ምንም አያደርግዎትም፤ ወደ ሽንት ፊኛ ሲሻገር ግን ያሳምምዎታል። ላቦራቶሪው «ባክቴሪያ አለ ወይ?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ ለሁሉም ሰው «አዎ» ብለን መመለስ ነበረብን። የእኛ ጥያቄ የትኛው ነው፣ የት ተገኘ፣ ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

እርስዎን የሚመለከተው ዋናው ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያደገውን ባክቴሪያ ወስደን የሌላ ዲሽ ፊት በሙሉ እናለብስበታለን። በላዩ ላይ የተለያዩ አንቲባዮቲኮችን የያዙ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች እየለያየን እናስቀምጣለን። አንድ ሌሊት ያድራል። ጠዋት በአንዳንዱ ወረቀት ዙሪያ ጥርት ያለ ባዶ ክብ እናያለን፤ መድኃኒቱ እስከዚያ ድረስ ባክቴሪያውን እንዳያድግ ከልክሎታል ማለት ነው። ስፋቱን በሚሊ ሜትር ለክተን ከመመዘኛው ሰንጠረዥ ጋር እናስተያያለን። በሌላው ወረቀት ዙሪያ ግን ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል፤ ምንም ያልተቀመጠበት ይመስላል። በአንድ ዲሽ ላይ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ሲበዙ ሳይ፣ ናሙናውን የሰጠው ሰው ምን ምርጫ እንደቀረው እያሰብኩ አዝናለሁ።

የእህትዎ መድኃኒት ለእርስዎ ባክቴሪያ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይለካ አይታወቅም። ሌላም ጉዳት አለው፤ ናሙና ከመስጠትዎ በፊት ከዋጡት በዲሹ ላይ ምንም ላይበቅል ይችላል። ያኔ ሕመሙ እያለብዎ «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። ለነገሩ ሐኪምዎ ናሙናው ከተሰጠ በኋላ ውጤቱን ሳይጠብቅ መድኃኒት ሊያስጀምርዎ ይችላል፤ ይጠይቁት። ትኩሳት፣ የጎን ሕመም ወይም ማስመለስ ካለ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ናሙናውን ሰጥተው ቶሎ ካልደረሰኝ ውጤቱ ይበላሻል። ኢ. ኮላይ በተመቸው ጊዜ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ ፍጥነት አንዱ በሁለት ሰዓት ውስጥ 64 ነው። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያድርሱት፤ ካልሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ።

ስለ ተራረፈ መድኃኒት ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ነገሩ ከእርስዎና ከእህትዎ ስለሚያልፍ ነው። ባክቴሪያዎች መድኃኒት የሚቋቋሙበትን ዘረመል ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ይዘው ለጎረቤታቸው፣ አንዳንዴም ለሌላ ዝርያ ያቀብላሉ። በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት የሞቱት ሰዎች 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ያህል እንደሆኑ ተገምቷል። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር መድኃኒቱ ከሚገባው መጠን በታች ከተወሰደ ባክቴሪያው ሊላመደው እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ስንት ቀን እንደሚወሰድ እንደ ሕመሙ ይለያያል፤ ለአንዳንዱ ጥቂት ቀን ይበቃል፣ ለሳንባ ነቀርሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወራት ያስፈልጋል። የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጄ ጉንፋን ይዞት ንፍጡ አረንጓዴ ሆነ። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ሳያዝልን ሸኘን። ችላ የተባልን መሰለኝ።

መልስ፦ ልጅ ታሞ ባዶ እጅ መመለስ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ፔኒሲሊንና ቤተሰቦቹ የሚያጠቁት የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፤ ቫይረስ ደግሞ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። የንፍጡ አረንጓዴነትም የባክቴሪያ ማስረጃ አይሆንም፤ ቀለሙ በሽታ ሊከላከሉ ከመጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ይመጣል። መድኃኒቱ ቢሰጠው ጉንፋኑን ሳይነካ በአንጀቱ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያጠፋበታል፤ ተቅማጥም ሊያስከትል ይችላል።

ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ግን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይጠብቁ መልሰው ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን ባክቴሪያ በሙሉ ቢጠፋ እኛም መኖር እንደማንችል ነገረችን። ጀርም ማለት በሽታ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ መምህርህ ትክክል ናት፤ ጥያቄህም ደስ አሰኝቶኛል። ከባክቴሪያ ዝርያዎች ሰውን የሚያሳምሙት እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። አየራችን 78 በመቶው ናይትሮጂን ቢሆንም ዕፅዋት ከአየር ቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም። በጥራጥሬ ተክል ሥር ላይ የሚኖረው ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ናይትሮጂኑን ለተክሉ ወደሚስማማ ነገር ይለውጥለታል። አንዱን ተክል ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅለህ አፈሩን እጠበው፤ ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች ታገኛለህ። አንዱን በምላጭ ለሁለት ስትሰነጥቀው ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው። ቀለሙ የሚመጣው በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ፕሮቲን ነው።

ዝናብ ሲዘንብ የሚሸትህን የአፈር ሽታ ከሚሠሩት መካከል ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ይገኙበታል። በ1943 ከእነዚሁ ወገን ከሆነ አንድ ዝርያ ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ፤ የሳንባ ነቀርሳን ማዳን የቻለው የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ነው። አስቀድሜ ያነሣሁት ኢ. ኮላይም የሰው ኢንሱሊን ዘረመል ተሰጥቶት ኢንሱሊን እንዲሠራ ተደርጓል፤ መድኃኒቱ ከ1982 ጀምሮ ለስኳር ሕሙማን እየተሰጠ ነው። ከዚያ በፊት ኢንሱሊን የሚወጣው ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር። ፍሳሽ ቆሻሻን የሚያጣሩ ጣቢያዎችም ቢሆኑ ያለ ባክቴሪያ አይሠሩም።

ጥያቄ፦ «ፀረ ባክቴሪያ» የሚል የተጻፈበት ሳሙና ልግዛ ወይስ ተራው ይበቃል?

መልስ፦ ለቤት ተራው ይበቃል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 አምራቾቹ ከተራ ሳሙና እንደሚበልጥ ማረጋገጥ ስላልቻሉ ትራይክሎሳንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮች ያሉባቸው የእጅ ሳሙናዎች እንዳይሸጡ ወስኗል። ዋናው ለ20 ሴኮንድ ያህል በጣቶችዎ መካከልና ከጥፍርዎ ሥር አሽቶ በውኃ ማለቅለቅ ነው። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ውኃ በሌለበት ይጠቅማል። ከአንቲባዮቲክ በኋላ ከባድ ተቅማጥ የሚያስከትለው ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የሚባለው ባክቴሪያ የሚሠራቸውን ስፖሮች፣ ማለትም በጠንካራ ሽፋን የተጠቀለሉ የተኙ ሕዋሳት፣ ግን አልኮል አይገድላቸውም። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የምታስታምሙ ከሆነ እጃችሁን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ።